31 ለ 28፦ በእረፍት ሰዓት ላይ የቆመ ዋጋ

ኤፕሪል 7 ቀን 2025 ምሽት፣ በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ከተማ አላሞዶም በተባለው ስታዲየም፣ የአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች ቅርጫት ኳስ የዋንጫ ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽ ሲያበቃ ሰሌዳው ላይ የነበረው ውጤት ሂውስተን 31፣ ፍሎሪዳ 28 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከሁለት ቀን በፊት በግማሽ ፍጻሜው ኦበርን ላይ 34 ነጥብ ያስቆጠረው የፍሎሪዳው ዋልተር ክሌይተን ጁኒየር በእነዚያ 20 ደቂቃዎች አንድም ነጥብ አላገኘም። ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻ ክፍል ገብተው ሜዳው ባዶ በሆነበት በዚያ ሰዓት የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ የሦስት ነጥብ ብልጫ ስንት ሳንቲም ያወጣል?

ጥያቄው በሳንቲም መቅረቡ ለቀልድ አይደለም። በፌዴራሉ የሸቀጦች የወደፊት ግብይት ኮሚሽን ፈቃድ የሚሠራው ካልሺ የተባለው የትንበያ ገበያ በስፖርት ውጤት ላይ ውል ማገበያየት የጀመረው በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ወር በመሆኑ፣ የ2025ቱ የኮሌጆች ውድድር እንዲህ ያለ ውል በሰፊው የተገበያየበት የመጀመሪያው ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። «ፍሎሪዳ ያሸንፋል» የሚለው ውል ፍሎሪዳ ካሸነፈ አንድ ዶላር፣ ከተሸነፈ ዜሮ ይከፍላል። ውሉ አሁን በ35 ሳንቲም የሚሸጥ ከሆነ ገበያው ለፍሎሪዳ ከመቶ 35 ያህል ዕድል ሰጥቶታል ማለት ነው። እንደ አቋማሪ ድርጅት ዋጋውን ቆርጦ የሚለጥፍ ቤት የለም፤ ገዢና ሻጭ ይገናኛሉ፣ አገናኙ ደግሞ ኮሚሽን የሚባለውን የአገልግሎት ክፍያ ይወስዳል። ውሉን እስከ ጨዋታው ፍጻሜ መያዝ ግዴታ ስላልሆነ በማናቸውም ደቂቃ ሸጦ መውጣት ይቻላል፤ የእረፍት ሰዓት ዋጋ ትርጉም የሚያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ጨዋታ ለጥናት የመረጥኩት ሁለቱ ቡድኖች ከሞላ ጎደል እኩል ተደርገው ስለ ታዩ ነው። በዚያ ዓመት ወደ መጨረሻዎቹ አራት የደረሱት በሙሉ በየምድባቸው አንደኛ ደረጃ የተሰጣቸው ቡድኖች ነበሩ፤ ይህ ከ2008 ወዲህ አልታየም። አንዱ ወገን በግልጽ በሚበልጥበት ጨዋታ የእረፍት ሰዓት ውጤት ከቡድኖቹ የጥራት ልዩነት ጋር ስለሚደባለቅ ለየብቻ መመዘን ያስቸግራል። እዚህ ግን ከጨዋታው በፊት የነበረው ሚዛን ወደ 50 ለ50 የቀረበ ስለሆነ የሦስቱን ነጥብ ክብደት ብቻውን አንሥቶ ማየት ይቻላል።

ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች

ከስሌቱ በፊት አንድ መደናገር መጥራት አለበት። «የእረፍት ሰዓት ግብይት» ሲባል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው በመጀመሪያው አጋማሽ ማን ይመራል በሚለው ላይ የሚጻፍና የአጋማሹ ደወል ሲጮኽ የሚዘጋ ውል ነው። ሁለተኛው ስለ ጨዋታው አሸናፊ የሚናገርና በእረፍት ሰዓት የሚገዛ ወይም የሚሸጥ ውል ነው። በዚያ ምሽት የመጀመሪያው ዓይነት ውል በእጁ የነበረ ሰው ሂውስተንን መርጦ ከሆነ እረፍት ላይ ገንዘቡ ተቆጥሮለታል፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አይመለከተውም። በሁለተኛው ውል ሂውስተንን የያዘ ሰው ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበር፤ መጨረሻውም እንደምናየው ባዶ እጅ ነው። ቡድኑ አንድ፣ ጨዋታው አንድ፣ ግምቱም አንድ ሆኖ ሳለ ክፍያው ተቃራኒ ሆነ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ዓይነት ውል ላይ ብዙ ሰው ሳያነበው የሚያልፈው ነገር የእኩል ውጤት ጉዳይ ነው። ሙሉ ጨዋታ በጭማሪ ሰዓት አሸናፊ ስለሚለይለት በአቻ አያልቅም፤ አጋማሽ ግን በአቻ ሊያልቅ ይችላል። «አቻ» ራሱን የቻለ ሦስተኛ ውል ሆኖ ሲቀርብ፣ ፍሎሪዳ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች አንዲት ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ አግብቶ 31 ለ 31 ቢወጡ ኖሮ ሂውስተንን የገዛውም ፍሎሪዳን የገዛውም እኩል ከስረው ይወጡ ነበር። የውሉ ደንብ እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚል አስቀድሞ ማንበብ ስለ ተጫዋቾቹ ጉልበትና ቁመት ከማጥናት የበለጠ ይጠቅማል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ከዚህ በታች የምመለከተው በዋናነት ሁለተኛውን ዓይነት ውል ነው።

የሦስት ነጥብ ዋጋ

በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የአንድ ጨዋታ የመጨረሻ የነጥብ ልዩነት አስቀድሞ ከተገመተው ልዩነት በአማካይ ምን ያህል ይርቃል ተብሎ በስታቲስቲክስ መለኪያ ሲሰላ፣ መደበኛ ልይይቱ ወደ 11 ነጥብ ይጠጋል። አሁን ግማሹ ጨዋታ አልቋልና ብዙ ሰው በደመ ነፍስ «እንግዲያው የቀረው መዋዠቅ አምስት ነጥብ ተኩል ነው» ብሎ ያስባል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። መዋዠቅ ከጊዜው ጋር ሳይሆን ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚቀንስ፣ ግማሽ ጊዜ ሲቀር የሚቀረው መዋዠቅ 11 ለ1.41 ተካፍሎ ወደ 7.8 ነጥብ ነው። ጨዋታው በሰዓት ግማሽ ላይ ነው፤ በጥርጣሬ ግን ገና ሰባ ከመቶው አለ።

እኩል የሆኑ ሁለት ቡድኖች በሦስት ነጥብ ተበላልጠው እረፍት ቢወጡ፣ ሦስትን ለ7.8 ስናካፍል 0.38 ገደማ እናገኛለን፤ ይህም በመደበኛው ሥርጭት ሰንጠረዥ ላይ ከመቶ 65 ያህል ዕድል ነው። ሂውስተን ኳሱን ይዞ ጊዜ የሚወስድ፣ ጨዋታን የሚያቀዘቅዝና በመከላከሉ የሚፈራ ቡድን በመሆኑ በቀሪው 20 ደቂቃ የሚኖረው የኳስ ቅብብሎሽ፣ ማለትም ቡድኖቹ በየተራ የሚያጠቁበት ብዛት፣ ከሌላው ጨዋታ ያንሳል፤ ቅብብሎሹ ሲያንስ መዋዠቁም ስለሚያንስ የሦስቱ ነጥብ ክብደት ትንሽ ከፍ ይላል። ዋጋውን 66 ብንል አንሳሳትም። ይህ የእኔ ስሌት እንጂ በዚያ ደቂቃ ገበያው ላይ የታየ ዋጋ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

እንግዲህ አንድ ሰው እረፍት ላይ «ሂውስተን ያዛቸው፣ ክሌይተንንም አስረውታል» ብሎ 100 ውል በ66 ሳንቲም ገዛ እንበል። 66 ዶላር ይከፍላል። ካልሺ ባወጣው የኮሚሽን ቀመር መሠረት ክፍያው 0.07 በውሉ ብዛት፣ በዋጋውና ከአንድ ዶላር በሚቀረው ተባዝቶ ወደ ላይ ይጠጋጋል፤ 0.07 በ100፣ በ0.66፣ በ0.34 ሲባዛ 1 ዶላር ከ58 ሳንቲም ይሆናል። ጠቅላላ ወጪው 67 ዶላር ከ58 ነው። በተቃራኒው «ፍሎሪዳ ይመለሳል» ያለው ሰው 100 ውል በ36 ቢገዛ ኮሚሽኑ 1 ዶላር ከ62 ሆኖ ወጪው 37 ዶላር ከ62 ይደርሳል። ሁለቱ ተደምረው 105 ዶላር ከ20 ሳንቲም ከፍለዋል፤ ሜዳው መልሶ የሚከፍላቸው ግን 100 ዶላር ብቻ ነው። ከአምስቱ ዶላር ሁለቱ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት፣ ሦስቱ ደግሞ ኮሚሽን ነው። ቀመሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው ኮሚሽኑ ከፍተኛ የሚሆነው ዋጋው 50 ሳንቲም አካባቢ ሲሆን፣ ማለትም ሰው ከሁሉ ይበልጥ በሚጠራጠርበት ቦታ መሆኑን ይረዳል። የተቀራረበ ጨዋታ እረፍት ሲደርስ የሚቆመውም እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ በእረፍት ሰዓት መግዛት የሚያዋጣው ገዢው ሰሌዳው ላይ ከሚታየው ውጤት ሌላ የሚያውቀው ነገር ካለ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ የሚገኘው ግን ሰሌዳው ላይ ሳይሆን የፋውል መዝገቡ ላይ ነው። በኮሌጅ ጨዋታ አንድ ተጫዋች በአምስተኛው ፋውል ከሜዳ ይወጣል። በዚህም ምክንያት አሠልጣኞች በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ፋውል ያለበትን ዋና ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። እንዲህ ሆኖ በሦስት ነጥብ የተመራ ቡድን ዋና ሰውዬው ሜዳ ላይ እያለ በሦስት ነጥብ ከተመራ ቡድን ይለያል። የቡድን ፋውል ቆጠራም በአጋማሹ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ ላይ በየፋውሉ ነጻ ውርወራ ሲያገኝ የነበረ ቡድን ከእረፍት ሲመለስ ያ ጥቅም የለውም። ነጥቦቹ ከሜዳ መጡ ወይስ ከነጻ ውርወራ የሚለው ጥያቄ በእረፍት ሰዓት የሚመዝነው ለዚህ ነው።

የክሌይተን ዜሮ ግን እንደዚያ ዓይነት መረጃ አልነበረም። ሁሉም ያየው ነገር ነው፤ ደግሞም ለሁለት ተቃራኒ ንባብ ይመቻል። አንዱ «ሂውስተን መድኃኒቱን አግኝቶለታል፣ ዛሬ አይነሣም» ይላል። ሌላው «ኮከባቸው ዜሮ ሆኖ በሦስት ነጥብ ብቻ ተመሩ፤ ቢነሣስ?» ይላል። ሁለቱም አሳማኝ ይመስላሉ። ዋጋ ግን አሳማኝ በመምሰል አይንቀሳቀስም፤ ሁለቱ ንባቦች እርስ በርስ ከተጣፉ የሚቀረው ያው 65 ወይም 66 ነው።

ለእረፍት ሰዓት አንድ ምስጋና ልስጥ። ጨዋታው ሲካሄድ በቴሌቪዥን ወይም በስልክ የሚመለከት ሰው ሜዳ ውስጥ ከተቀመጠው፣ ወይም ፈጣን የመረጃ መስመር ከገዛው ነጋዴ፣ በብዙ ሴኮንዶች ወደ ኋላ ይቀራል፤ እሱ ኳሷ ስትወረወር ሲያይ ዋጋው ኳሷ መግባቷን አስቀድሞ ያውቃል። በእረፍት ሰዓት ግን የሚዘገይ ነገር የለም። ሁሉም አንድ ሰሌዳ ያነባል። ለተራው ሰው ከሙሉው ምሽት ውስጥ በጊዜ ያልተቀደመባቸው ደቂቃዎች እነዚያ ብቻ ናቸው፤ ችግሩ በእነዚያው ደቂቃዎች የሚያተርፍበት የዋጋ ስህተትም እምብዛም አለመገኘቱ ነው።

ከእረፍት በኋላ

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ሂውስተን 11 ለ 2 አስቆጥሮ ልዩነቱን ወደ 12 አሰፋው፤ 42 ለ 30 ሆነ። ወደ 16 ደቂቃ ተኩል ቀርቶ ነበር። በዚያው ስሌት ብንሄድ የሚቀረው መዋዠቅ ሰባት ነጥብ ገደማ ስለሆነ የሂውስተን ዕድል ከመቶ 95 ያልፋል፤ የፍሎሪዳ ውል ወደ አምስት ሳንቲም ይወርዳል። በ36 የገዛው ሰው በዚያች ደቂቃ ተስፋ ቆርጦ ቢሸጥ አምስት ዶላሩን ተቀብሎ፣ 34 ሳንቲም ኮሚሽን ተቀንሶበት፣ ከ37 ዶላር ከ62 ውስጥ 32 ዶላር ከ96 አጥቶ ይወጣል። ውሉን ከእሱ የሚገዛው ሰው 5 ዶላር ከ34 ከፍሎ ይይዘዋል። ሻጩ በዚያ ዋጋ መሸጡ ስህተት አልነበረም፤ አምስት ከመቶ ዕድል በአምስት ሳንቲም መሸጥ ትክክለኛ ንግድ ነው። በኋላ የሆነው ነገር ትክክለኛነቱን አይሽረውም፤ እንቅልፉን ግን ሳይነሣው አይቀርም።

ምክንያቱም ፍሎሪዳ ተመለሰ። ከጨዋታው መጀመሪያ አካባቢ ወዲህ መርቶ የማያውቀው ቡድን፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር አላይጃ ማርቲን በሁለት ነጻ ውርወራዎች 64 ለ 63 አደረገው። ዴንዘል አበርዲን ከሁለት ውርወራ አንዱን አግብቶ 65 አደረሰው። በመጨረሻው ቅብብሎሽ የሂውስተኑ ኢማኑኤል ሻርፕ ለባለ ሦስት ነጥብ ዘሎ ሲነሣ ክሌይተን ከፊቱ ደረሰበት፤ ሻርፕ መወርወር አልቻለም፣ ኳሷን ወደ መሬት ለቀቃት። መልሶ ቢነካት የደንብ ጥፋት ስለሚሆንበት እያያት ቆመ፤ የፍሎሪዳው አሌክስ ኮንደን ተወርውሮ ወደቀባት፣ ሰዓቱም አለቀ። ክሌይተን በእረፍት ሰዓት ዜሮ የነበረው ሰው በ11 ነጥብ ጨረሰ። ዊል ሪቻርድ 18 አስቆጠረ። ፍሎሪዳ በአጠቃላይ የመራበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም።

ከዚህ ጨዋታ የተሳሳተ ትምህርት መውሰድ ቀላል ነው፤ የዚያ ዓመት ግማሽ ፍጻሜዎች ደግሞ ፈተናውን ያከብዱታል። ኦበርን እረፍት ላይ ፍሎሪዳን 46 ለ 38 ይመራ ነበር፤ 79 ለ 73 ተሸነፈ። ዱክም እረፍት የወጣው ሂውስተንን እየመራ ነው፤ በሁለተኛው አጋማሽም በ14 ነጥብ እስከ መብለጥ ደርሶ ነበር፤ 70 ለ 67 ተሸነፈ። በሦስቱም የመጨረሻ ጨዋታዎች እረፍት ላይ የመራው ቡድን ወደቀ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ብንሄድ ኤፕሪል 4 ቀን 2022 በኒው ኦርሊንስ ካንሳስ እረፍት ላይ በሰሜን ካሮላይና ቡድን 40 ለ 25 ተመርቶ 72 ለ 69 አሸንፏል፤ በእኩል ቡድኖች ስሌት 15 ነጥብ የተመራ ቡድን ያለው ዕድል ከመቶ ሦስት ያህል ነው። ይህን ሁሉ ደርድሮ «ከኋላ ያለውን ግዛ» የሚል ሕግ የሚያወጣ ሰው፣ እረፍት ላይ መርተው በዚያው ያሸነፉትንና ማንም የማያወራላቸውን ጨዋታዎች ሳይቆጥር ነው። በ2011 ሁለት የአሜሪካ ምሁራን በብዙ ሺህ ጨዋታዎች ላይ ተመሥርተው፣ እረፍት ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ የተመራ ቡድን ከሚጠበቀው በላይ ያሸንፋል የሚል ጥናት አሳትመው ነበር፤ በኋላ በሰፊ መረጃ እንደገና ሲፈተሽ ውጤቱ አልጸናም። አሠልጣኝ በመልበሻ ክፍል የሚናገረው ቃል ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም ቡድኖች አሠልጣኝ አሏቸው ማለቴ ነው።

አጋማሹ ለምን ይገዛል

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሜዳ ላይ ያሉት አሥር ሰዎች ለማሸነፍ ይጫወታሉ በሚል መነሻ ነው። በአጋማሽ ውል ላይ ይህ መነሻ ራሱ ይናጋል። በጃንዋሪ 2026 የምሥራቅ ፔንሲልቬኒያ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በ26 ሰዎች ላይ ባቀረበው ክስ፣ ከ17 በላይ ከሚሆኑ የኮሌጅ ቡድኖች የመጡ ከ39 በላይ ተጫዋቾች ጨዋታ በማበላሸት ሴራ ውስጥ ተሳትፈዋል፣ ለአንድ ጨዋታም በአብዛኛው ከ10,000 እስከ 30,000 ዶላር ጉቦ ይቀርብ ነበር ይላል። በክሱ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣው የውርርድ ዓይነት የመጀመሪያው አጋማሽ የነጥብ ልዩነት ነው። ውርርዱ የተደረገው በአቋማሪ ድርጅቶች እንጂ በትንበያ ገበያ አይደለም፤ አመክንዮው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ለአንድ ተማሪ «ቡድንህ እንዲሸነፍ አድርግ» ማለት ከባድ ጥያቄ ነው፤ ወንድሞቹ አጠገቡ ናቸው፣ አሠልጣኙ ያየዋል፣ ወላጆቹ መቀመጫ ላይ አሉ። «የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ቀዝቀዝ በል፣ ከእረፍት በኋላ እንደ ልብህ ተጫወት» ማለት ግን ለጆሮ ይቀላል። ቡድኑም ሊያሸንፍ ይችላል፣ ገንዘቡም ይገባል። ደግሞ እንደ ዋንጫ ጨዋታ ሚሊዮኖች በማይመለከቱት፣ በስም በማይታወቅ ኮሌጅ ጨዋታ ላይ አንድ ተጫዋች በአጋማሽ አራት ኳስ ቢስት ማን ይጠረጥራል? ክሌይተን በሳን አንቶኒዮ ዜሮ ሆኖ እረፍት ሲወጣ ንጹሕ ስለመሆኑ ማንም አልተጠራጠረም፤ የሂውስተንን መከላከል ሁሉም አይቷልና። ያው ዜሮ ባዶ አዳራሽ ውስጥ በማክሰኞ ምሽት ቢታይ ግን ከድካም፣ ከመጥፎ ቀን ወይስ ከጉቦ እንደመጣ በዓይን አይለይም፤ የሚያጋልጠው አብዛኛውን ጊዜ የገንዘቡ እንቅስቃሴ ነው። የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ በዚያው ጃንዋሪ ወር፣ በቂ ጥበቃ እስኪበጅ ድረስ በኮሌጅ ስፖርት ላይ የሚደረገው የትንበያ ገበያ እንዲታገድ ተቆጣጣሪውን ኮሚሽን ጠይቋል።

ማን ይቆጣጠራል የሚለው ደግሞ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖረው አማርኛ አንባቢ የራሱ ሰፈር ጉዳይ ነው። በዚያው ኤፕሪል 2025 ሜሪላንድ፣ እንደ ኔቫዳና ኒው ጀርሲ ሁሉ፣ ካልሺ ያለ ክልሉ ፈቃድ የስፖርት ውርርድ ያካሂዳል በማለት እንዲያቆም ጠየቀች፤ ድርጅቱ ውሎቼ በፌዴራል ሕግ የሚገዙ የፋይናንስ ውሎች ናቸው ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። በኔቫዳና በኒው ጀርሲ ያሉ ዳኞች በመጀመሪያ ክልሎቹ ድርጅቱን እንዳያስቆሙ እግድ ሰጡ፤ የሜሪላንዱ ዳኛ በኦገስት 2025 እንዲህ ያለውን እግድ ከለከለ፤ የኔቫዳው ዳኛም የሰጠውን እግድ በኖቬምበር መልሶ አነሣ። ቨርጂኒያ በበኩሏ በክልሉ ኮሌጆች ጨዋታ ላይ መወራረድን በሕግ ታግዳለች፤ በስልክ ላይ ያለው ውል ግን ራሱን ውርርድ ብሎ አይጠራም።

የዕድሜው ልዩነት ይህን ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል። በሜሪላንድ አቋማሪ ድርጅት ዘንድ ለመወራረድ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ የትንበያ ገበያ ሒሳብ ለመክፈት ግን 18 ይበቃል። የ19 ዓመት ተማሪ ከጎኑ ተቀምጦ ማስታወሻ የሚጽፈው የክፍል ጓደኛው ማታ በመጀመሪያው አጋማሽ እንዴት እንደሚጫወት በሕጋዊ የአቋማሪ መስኮት መወራረድ አይችልም፤ በስልኩ ግን፣ ውሉ ለግብይት ከቀረበ፣ ሊገዛው ይችላል፤ ጓደኛውም ጉልበቱን እንዳመመው ጠዋት ነግሮት ይሆናል።